በላይቭ ሮክ ተሳፍረው የሚመጡ ያልተፈለጉ ፍጥረታት፦ ለየትኛው የትኛው መላ ይሻላል?

ለጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ ላይቭ ሮክ (ሕይወት ያለበት የባሕር ድንጋይ) የሚገዛ ሰው የሚገዛው ድንጋይ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ኮራል አፅም ነው። ዋጋ የሚያወጣው በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚኖረው ነገር ነው። ዓሣ የሚያወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እዚያ ሰፍረዋል። ሐምራዊው ኮራላይን አልጌ፣ ስፖንጁ፣ ጥቃቅን ትሎቹና ቀንድ አውጣዎቹም አብረው ይመጣሉ። ማንም ያልጠራቸውም ይመጣሉ። ኮራል የሚበላ ሸርጣን፣ ዓሣ የሚያድን ትል፣ ዝም ከተባለ ድንጋዩን ሁሉ የሚወርስ አኔሞን የተባለ አበባ መሰል የባሕር እንስሳ።

ብዙ ሰው እነዚህን ሲያይ ይደነግጣል። ከድንጋጤው የተነሳም ካሉት አማራጮች ከባዱን ይመርጣል። ድንጋዩን በረኪና ውስጥ ይነክራል፣ ገንዳው ውስጥ መድኃኒት ይጨምራል፣ ይባስ ብሎም ድንጋዩን ይቀቅላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሌላው ሁሉ ካልሠራ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው። መቀቀል ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ። የእኔ ምክር አንድ ነው። የማትፈልጉትን ፍጡር ብቻ የሚነካውን መንገድ አስቀድሙ፤ እሱ አልሠራ ሲል ብቻ ሌላውንም ወደሚነካው እለፉ። በላይቭ ሮክ ላይ ያለውን ሁሉ ገድሎ ተባዩን ማጥፋት ቀላል ነው። ግን ያኔ የቀረው ተራ ድንጋይ ነው።

መጀመሪያ ማንነቱን ለዩ

መብራት ከጠፋ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ገንዳው ፊት ተቀመጡ። የባትሪውን መስታወት በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ብዙዎቹ የባሕር ፍጥረታት ቀይ ብርሃን እምብዛም አያዩም፣ ስለዚህ አይደበቁም። ያያችሁትን ፎቶ አንሱ፣ የወጣበትን ቀዳዳም ልብ በሉ። ቀዳዳውን ማወቅ በኋላ ግማሽ ሥራ ይሆንላችኋል።

መልካቸው የሚያስፈራ ግን ጥሩ የሆኑ ብዙ ናቸው። ክንዳቸው እንደ ክር የቀጠነ ብሪትል ስታር የሚባሉ የባሕር ኮከብ ዘመዶች፣ ከቀዳዳ ረጃጅም ነጭ ክር የሚዘረጉ ስፓጌቲ ትሎች፣ መስታወት ላይ የሚርመሰመሱ ኮፔፖድና አምፊፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የሽሪምፕ ዘመዶች ሁሉ ሊቆዩላችሁ የሚገቡ ናቸው። ለእነዚህ ትክክለኛው አማራጭ ምንም አለማድረግ ነው።

ከሁሉም በላይ ስሙ በከንቱ የሚጠፋው ብሪስል ዎርም የሚባለው ፀጉራም ትል ነው። ሮዝ ወይም ቡናማ ሆኖ በሁለት ጎኑ ነጫጭ ፀጉር አለው። አብዛኞቹ የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር የሚበሉ ጽዳተኞች ናቸው። የሞተ ዓሣ ላይ ተሰብስበው ስታዩ ገዳዮቹ እነሱ ይመስሏችኋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሞተ በኋላ የመጡ ናቸው። በጣም ከበዙ ምግብ እያበዛችሁ ነው ማለት ነው። ምግቡን ቀንሱ፣ እነሱም ይቀንሳሉ። የሚያሰጋው ዘመዳቸው ሄርሞዲሴ ካሩንኩላታ የተባለው የእሳት ትል ነው። ወፍራም ነው፣ ፀጉሩ በነጭ ጉንጉን ጉንጉን ይወጣል፣ ከጎኑም ቀይ ትንፋሽ መሳቢያዎች ይታያሉ። ከአትላንቲክ፣ ከካሪቢያንና ከሜዲትራኒያን በሚመጣ ድንጋይ ላይ ይገኛል፤ ኮራልም ይበላል። ይሄን በወረንጦ አውጡት። የሁለቱም ፀጉር ቆዳ ውስጥ ተሰባብሮ ስለሚቀር በጓንት ሥሩ። ከተወጋችሁ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሳቡት፣ ከዚያ ኮምጣጤ አድርጉበት።

ሌላው የሚምታታው ድምፅ ነው። ከገንዳው "ቷ" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ዓሣና ቀንድ አውጣ የሚያድነው ማንቲስ ሽሪምፕ መጣ ይላል። ፒስቶል ሽሪምፕም እንዲሁ ይጮኻል፤ እሱ ግን አንድ ትልቅ ጥፍር ያለው፣ አንዳንዱም ከጎቢ ዓሣ ጋር ጉድጓድ ተጋርቶ የሚኖር፣ ብዙም ጉዳት የሌለው ፍጡር ነው። ማንቲስ ከሆነ በግንድ ላይ የቆሙና እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚዞሩ ዓይኖች ታያላችሁ። በአንድ ቀዳዳ አፍ ላይ የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተከማችቶ ካገኛችሁ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ሸርጣንን በጥፍሩ ለዩት። የጥፍሩ ጫፍ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለና ደነዝ ከሆነ አልጌ ፋቂ ነው። ጫፉ ሹልና ጥቁር፣ ሰውነቱም ፀጉራም ከሆነ ኮራልና ቀንድ አውጣ ላይ እጁን ማንሳቱ አይቀርም። ቅርንጫፍ ባለው ኮራል መሐል የምትኖረውን ትራፔዚያ የምትባል ትንሽ ሸርጣን ግን እንዳትነኩ። ኮራሉን ከጠላት የምትጠብቀው እሷ ናት።

ድንጋዩ ገንዳ ውስጥ ሳይገባ ያሉት አማራጮች

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ገና ባልዲ ውስጥ ሳለ ሁሉም ነገር ይቀላል። ዋናው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ኮራል ከተለጠፈበት በኋላ ግን አማራጮቻችሁ በግማሽ ይቀንሳሉ።

አንደኛው አማራጭ ለብቻው ማቆየት ነው። አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውሃ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕ፣ ማሞቂያና የአሞኒያ መለኪያ ይበቃል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨውነቱ በሺህ 35 ይሁን። ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆዩት። በመንገድ የሞተው ስፖንጅ ይበሰብሳል፣ አሞኒያም ይነሳል፤ ስለዚህ ውሃ እየቀየራችሁ አሞኒያው ዜሮ እስኪሆን ትጠብቃላችሁ። ድንጋዩን ከታች በፕላስቲክ መደርደሪያ ከፍ ብታደርጉት የወደቀውና የወጣው ሁሉ ወለሉ ላይ በግልጽ ይታያል። ጉዳቱ ትዕግሥት መጠየቁና መሽተቱ ነው። ጥቅሙ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጥሩውን አይገድልም፣ የተደበቀውም እስኪወጣ ጊዜ ይሰጣችኋል። መብራት ማጥፋት አልጌውን ያዳክማል፤ አኔሞኑን ይጨርሳል ብላችሁ ግን አትተማመኑ።

ሁለተኛው በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። የተለመደው የጨው ውሃ እፍግታ 1.026 ከሆነ፣ ይሄኛው ከ1.035 እስከ 1.040 ይደርሳል። ጨዉ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፣ ሙቀቱም እኩል ይሁን። ድንጋዩን ለጥቂት ደቂቃ ስትነክሩት ሸርጣኑ፣ ማንቲሱና ትሉ ከየቀዳዳው ተሯሩጠው ይወጣሉ። ወዲያው አንስታችሁ በተለመደው ጨው ውሃ አለቅልቁና መልሱት። ባልዲው ውስጥ የቀሩትን ለዩ፤ ጥሩዎቹንም መልሱ። ለሚንቀሳቀስ ፍጡር ከዚህ የፈጠነ መንገድ አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ለተጣበቀው ግን ምንም አይሠራም። አኔሞን፣ በቱቦ የሚኖር ቀንድ አውጣ ወይም አልጌ ካለባችሁ በዚህ አትድከሙ።

ሦስተኛው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ መንከር ነው። ይሄም ፍጥረታቱን ያስወጣል፣ ግን ስፖንጁንና ጥቃቅኖቹን ክፉኛ ይጎዳል። የሞቱትም ቀዳዳ ውስጥ በስብሰው አሞኒያ ይሆናሉ። ጨዋማው እያለ ይሄን የምመርጥበት ምክንያት አላይም።

አራተኛው ከመጀመሪያውም ደረቅ ድንጋይ መግዛት ነው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ተባይ የለበትም። ይሄ እውነት ነው። ግን ባክቴሪያውም፣ ትሉም፣ ኮፔፖዱም የለም። ገንዳው እስኪረጋጋ ወራት ይፈጃል፤ በመሐሉ ቡናማ ዲያቶምና አንዳንዴም አስቸጋሪው ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ባዶውን ድንጋይ ይወርሱታል። አንዳንዱ ድንጋይ አልጌ የሚመግብ ፎስፌት ይለቃል። በዚያ ላይ አኔሞኑ በኋላ በምትገዙት ኮራል ሥር ተለጥፎ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ደረቅ ድንጋይ ለዘለቄታው ዋስትና አይሆንም። እኔ የምደግፈው ቅይጡን ነው። አብዛኛው ደረቅ ይሁን፣ አንድ ሁለት ቁራጭ ደግሞ ለብቻው ተቆይቶ የተፈተሸ ላይቭ ሮክ። ለሁለት ቁራጭ ድንጋይ ጥንቃቄ ማድረግ ለሃያው ከማድረግ በብዙ ይቀላል፤ የቀረውን ድንጋይ ከእነሱ የሚወጣው ሕይወት ቀስ እያለ ይሞላዋል።

አይፕታሲያ፦ ብዙ አማራጭ ያለው፣ ብዙ ስህተት የሚሠራበት

አይፕታሲያ ቡናማና ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ አኔሞን ነው። ቀጭን ግንድ አለው፣ ከላዩ ረጃጅም ክንዶች ይዘረጋል፤ ሲነኩት ብልጭ ብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ኮራልን ይናደፋል፣ ቦታውንም ይቀማል። ከእግሩ የተቆረጠች ትንሽ ቁራጭ ራሷን ችላ ሌላ አይፕታሲያ ትሆናለች። ስለዚህ መፋቅና መቆራረጥ ማባዛት ነው። ይሄ ከአማራጭ ይውጣ።

ቁጥራቸው ጥቂት ከሆነ መርፌ ይሻላል። ለዚሁ የተሠሩ ውህዶች በገበያ አሉ። ካልክዋሰር የሚባለውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ አድርጎ መጠቀምም ይቻላል። የሎሚ ጭማቂ የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱ የሚሠራው ግን አካሉ ውስጥ ከተወጋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ፓምፖቹን ሁሉ አጥፉ። ሲሪንጁን ከጎን በኩል ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉ፤ ጥላ ካረፈበት ይሸሻል። ከአፉ በላይ ትንሽ ጠብ አድርጉለት። ምግብ መስሎት ክንዶቹን ሰብስቦ ይውጠዋል። ያኔ የቀረውን ጨምራችሁ ቀዳዳውን ድፈኑት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውሃው እንደረጋ ይቆይ። ካልክዋሰር ፒኤች ከፍ ስለሚያደርግ በአንድ ቀን ጥቂቶችን ብቻ ውጉ፤ ኮራል ላይም እንዳይፈስ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል። በሳምንቱ ተመልሳችሁ እዩት፤ አንዳንዱ ከጥልቅ ቀዳዳ ድጋሚ ይወጣል።

ቁጥራቸው ከበዛና በየጥጉ ካሉ መርፌው አድካሚ ነው፣ የማይደረስበትም አለ። እዚህ ላይ የሚበሏቸውን ማስገባት ይሻላል። ከእነሱ መሐል እኔ የማስቀድመው በርጊያ የምትባለዋን ቅርፊት አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ከአይፕታሲያ ሌላ ምንም አትበላም፤ ስለዚህ ኮራላችሁን አትነካም። መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። በርጊያዎቹ ተዋልደው እስኪበዙ ድረስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ አይፕታሲያው አጠገብ ማስቀመጥ ነው። አይፕታሲያው ሲያልቅ የሚበሉት ያጣሉና ለሚፈልግ ሰው አስተላልፏቸው።

ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ነው፣ ግን ዕድል ይጠይቃል። ትናንሾቹን ይበላል፣ ትልልቆቹን ያልፋል፤ ጠግቦ ከሆነ ደግሞ ዞር ብሎም አያይም። ስትገዙ አስተውሉ። ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ በቀይና በነጭ መስመር የተዥጎረጎረ ካሜል ሽሪምፕ በስሙ ይሸጣል፤ እሱ ለስላሳ ኮራል ይበላል። ደግሞም ፔፐርሚንትና በርጊያን አብራችሁ አታስገቡ። ሽሪምፑ በርጊያዋን ሊበላት ይችላል። ራስ (wrasse) ከሚባሉት ዓሦችም ብዙዎቹ ያድኗታል፤ እነሱ ካሏችሁ በርጊያ ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አስቡበት።

ኮፐርባንድ በተርፍላይ የሚባለው ባለ ረጅም አፍ ዓሣም አይፕታሲያ ይበላል። ግን ምግብ መራጭ ነው፣ ሰፊ ገንዳም ይፈልጋል፣ ብዙዎቹም በገቡ በሳምንታት ውስጥ ሳይበሉ ይሞታሉ። ለማኖር ዝግጁ ያልሆናችሁትን ዓሣ ለአረም ማጥፊያ ብላችሁ አትግዙ። አይፕታሲያ የሚበላው ፋይልፊሽ ከሱ ይቀላል፤ አልፎ አልፎ ኮራል መንካቱን ከታገሳችሁለት።

አንዱ ድንጋይ ብቻ ከተወረረና ኮራል ካልተለጠፈበት ደግሞ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ድንጋዩን አውጡት፣ አለቀ።

የሚሮጡት፦ ማንቲስ፣ ሸርጣንና ረጅሙ ትል

ለእነዚህ መድኃኒት የለም። ያለው መያዝ ነው። ቀዳዳውን ካወቃችሁና ድንጋዩ የሚወጣ ከሆነ ማውጣት ከወጥመድ ይሻላል። ድንጋዩን ከባልዲ በላይ ይዛችሁ ቀዳዳው ውስጥ በሲሪንጅ ጋዝ ያለው ንጹሕ ውሃ ስትረጩ ይወጣል። በጣታችሁ እንዳትጎረጉሩ። ማንቲስ ክንዱን በሰከንድ እስከ 23 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት እንደሚሰነዝር ተለክቷል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ በሹል ክንድ ይወጋል። ጣት ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል።

ድንጋዩ የማይወጣ ከሆነ ወጥመድ ሥሩ። ለስላሳ ብርጭቆ ውስጥ ቁራጭ ሽሪምፕ ጨምራችሁ፣ አፉ ወደ ላይ እንደሆነ ድንጋዩ ላይ አጋድማችሁ አስደግፉት። ሸርጣኑ በድንጋዩ በኩል ወርዶ ይገባል፣ የመስታወቱ ግድግዳ ግን ስለሚያንሸራትተው መውጣት አይችልም። ለሸርጣን በጣም ጥሩ ነው። ማንቲስ ዘሎ ሊወጣ ስለሚችል ለእሱ በር የሚዘጋ ወጥመድ ይሻላል። የተያዘውን መግደል ግዴታ አይደለም። ማንቲስን ለብቻው በትንሽ ገንዳ በፍቅር የሚያኖሩ ሰዎች አሉ፤ ማየትም ደስ የሚል ፍጡር ነው።

ዩኒስ የሚባለው ትል ለየት ይላል። በብርሃን ቀስተ ደመና የሚያብለጨልጭ አካል፣ ራሱ ላይ አምስት አንቴና፣ ጠንካራ መንጋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ኮርንዎል፣ ኒውኪ በሚገኘው ብሉ ሪፍ አኳሪየም ኮራሎች ሌሊት ሌሊት ይቆራረጡ፣ ዓሦችም ይጎዱ ነበር። ወጥመድ ቢያስቀምጡ ይሰበራል። በመጨረሻ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሲያነሱ 1.2 ሜትር ገደማ የሚሆን ትል ተገኘ። ለዚህ ነው ዩኒስ ከጠረጠራችሁ ወጥመድ ላይ ጊዜ አታጥፉ የምለው። የሚኖርበትን ድንጋይ ለይታችሁ ሙሉውን አውጡ። ስትስቡት እንዳይበጠስ፤ የቀረው ክፍል ሊያገግም ይችላል።

ቶሎ የሚያልፉት

ቨርመቲድ ቀንድ አውጣ በጠንካራ ቱቦ ይኖራል፣ ኮራል የሚያስቆጣ የንፍጥ መረብም ይዘረጋል። ቱቦውን ሰብራችሁ አፉን በጄል ሱፐር ግሉ ድፈኑት። ባብል አልጌን ድንጋዩን አውጥታችሁ ከነሥሩ ንቀሉ፤ ኤመራልድ ሸርጣንም ይረዳል። ቀያይ ጠፍጣፋ ትሎች ከበዙ መጀመሪያ በቱቦ የቻላችሁትን ያህል ምጠጡ፣ መድኃኒቱ ከዚያ ይከተል። በብዛት በአንዴ ሲሞቱ የሚለቁት መርዝ ዓሣ ይገድላልና መርዝ የሚመጥ አዲስ አክቲቬትድ ካርቦን (ከሰል) እና ለመቀየር የተዘጋጀ ውሃ ይኑራችሁ።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ላይቭ ሮክ አይቀቀልም፣ የፈላ ውሃም አይፈስበትም። ፓሊቶአና ዞአንቲድ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ከባድ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። እንፋሎቱ መርዙን ወደ ሳንባ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 በአላስካ በቤትና በአኳሪየም መሸጫዎች ሰዎች ከእነዚህ ኮራሎች በመተንፈስ ሳይመረዙ እንዳልቀረ የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያ ማዕከል ዘግቧል። መፈግፈግም ያው አደጋ ስላለው እነዚህ ያሉበትን ድንጋይ ከውሃ ውጭ በብሩሽ አትሹ። ልጆችና የቤት እንስሳት በአካባቢው አይኑሩ። ከሥራው በኋላ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ ወይም አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ካለ ቶሎ ወደ ሐኪም ሄዳችሁ ምን እንደነካችሁ ተናገሩ።

መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒትም ላይቭ ሮክ ባለበት ገንዳ ውስጥ አይገባም። ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ ድንጋዩም መዳቡን ይመጥና በኋላ ይለቀዋል።

ሁሉንም መግደል የሚያስፈልግበት ጊዜ

አንዳንዴ ድንጋዩ በአኔሞንና በአልጌ ከእጅ ይወጣል፣ ወይም መዳብ ከነካው ገንዳ መጥቶ ይሆናል። መዳብ የነካውን ለኮራል ገንዳ አትጠቀሙበት። የመጀመሪያውን ግን ማዳን ይቻላል። ድንጋዩ ላይ ፓሊቶአና ዞአንቲድ ከሌሉ፣ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ፣ አየር በሚዘዋወርበት ደጅ፣ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ለጥቂት ቀናት ንከሩት። በረኪናና አሲድ አንድ ላይ አይገናኙ፤ ኮምጣጤም ቢሆን። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁት፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የክሎሪን ማጥፊያ ጨምራችሁ አቆዩት፣ የበረኪና ሽታ እስኪጠፋም ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚህ በኋላ እንደማንኛውም ደረቅ ድንጋይ ባክቴሪያ ከመጀመሪያው ይገነባል፤ አሞኒያ ሳትለኩ ዓሣ አታስገቡ።

የመንከሪያውንም ሆነ የገንዳውን ውሃ፣ የተያዘውንም ፍጡር ወደ ባሕር፣ ወንዝ ወይም ሐይቅ አትድፉ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ ዳርቻ የታየው ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለ አልጌ ከአኳሪየም ወጥቶ በሜዲትራኒያን ሰፊ ቦታ ወረረ። በ2000 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተገኝቶ፣ በሸራ ሸፍነው በክሎሪን እየገደሉ፣ ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው በ2006 ነው። የጨው ውሃው በቤት ፍሳሽ መስመር ይሂድ። የሞተው ፍጡርና አልጌው ከደረቀ በኋላ ከቆሻሻ ጋር ይጣል።